ሆቴል ይዤልሻለሁ

ወሬዬን ከመሀል ለሚይዝ ሰው ስል ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

እኔ የሺሃረግ ነኝ፤ የአሰላ ሰው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አልጋ አከራያለሁ። ባሌ ሲሞት ቤቱን ትቶልኝ ሄደ፤ እኔም ከሳጉሬ እህል ይዞ የመጣውን፣ ከጢቾ ለክርክር ፍርድ ቤት የመጣውን ሁሉ አሳድሬ እሸኛለሁ። ትምህርቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረ ነው። ደብዳቤ ግን ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ መጻፉንም እንዲሁ እየታገልኩ ነው።

ግድግዳችን አንድ የሆነ ጎረቤት ነበረኝ፤ ሙህዲን ይባላል። ዘይት፣ ስኳር፣ ጨውና ላምባ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የቀረ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሚዛን የማያጎድል ሰው። ሁለታችንም ጎልማሶች ነን፤ እንደ ልጆች በአጥር ቀዳዳ አልተያየንም። እኔ ጨው ብዬ ስገባ እሱ የአሰላን ብርድ ያማል፤ እሱ የጎደለ ነገር ካለ ልጠይቅ ብሎ ብቅ ሲል እኔ ወንበር እስብለታለሁ። አንድ ቀን ሱቁ ተዘግቶ ዋለና ምሳዬ አልወርድ አለኝ። ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። እሱም እኔ ለልቅሶ ሁሩታ ሄጄ በሰነበትኩ ጊዜ እንዳወቀ በኋላ ነግሮኛል።

እሱ እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ገብረወልድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ በገበያ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሙህዲንን በሰው ፊት አዋረደው። ሙህዲን አንድም ቃል አልመለሰለትም። ሱቁን ለዘመዱ ትቶ ታላቅ እህቱ ዙሀራ ወዳለችበት ወደ ምፅዋ ሄደ፤ እዚያ ጨው እያስጫነ ይነግዳል። ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። እስካሁን ያቆየን ደብዳቤ ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤ የመጣው የአውሮፕላን ትኬት ይዞ ነው። እንዲህ ይላል፦

«የሺ፣ እንዲህ በወረቀት ስንነጋገር ልናረጅ ነው። ለሦስት ቀን ብቻ ነይ። ባሕሩን እዪው፤ የምኖርበትን አገር እዪው፤ ከዚያ እሺም ሆነ እምቢ ፊት ለፊት በይኝ። እሺ ካልሽ በማዘጋጃ ቤት እንፈራረማለን፤ አንቺም ቤተ ክርስቲያንሽን፣ እኔም መስጊዴን። እምቢ ካልሽም ራሴ አሳፍሬሽ እመለሳለሁ፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም። ጣውሉድ በሚባለው ሰፈር፣ ከባሕሩ ዳር፣ ሆቴል ይዤልሻለሁ። ከአስመራ አውሮፕላን ማረፊያም ታክሲ ይጠብቅሻል።»

«መስጊዴን» እስከሚለው ድረስ ሳነብ ፊቴ ሞቆ ነበር። ሆቴሉ ላይ ስደርስ በረደኝ።

ትንሽ ነገር ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን አልጋ አከራይ ነኝ። ሆቴል የሚያድረው ሰው የሌለው ሰው ነው። አሰላ ዘመድ እያለው እኔ ዘንድ አልጋ የሚጠይቅ ከመጣ፣ ወይ ከዘመዱ ተጣልቷል ወይ የሚደብቀው ነገር አለ፤ ገና ሲገባ አውቀዋለሁ። እህቱ ቤት አላት። እሱም የሚኖረው እዚያው ነው። ታዲያ እኔን ምን ብሎ ነው ሆቴል የሚያሳድረኝ? ደግሞስ ታክሲ ይጠብቅሻል ማለት ምን ማለት ነው? እንግዳን ሰው ወጥቶ ይቀበለዋል እንጂ መኪና ይላክበታል? እኛ እንኳን አገር አቋርጦ ለመጣ፣ ከሳጉሬ ለሚመጣ አማችም መንገድ ድረስ እንወጣለን።

ነገሩን ለብቻዬ መሸከም ሲያቅተኝ ለጎረቤቴ ለየውብዳር አነበብኩላት። የውብዳር ጥጥ ትሸጣለች፤ ፈትልም ነገርም መፍታት ታውቃለች። ሳልጨርስ ገባኝ አለች። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት እንዳለች፣ ሆቴሉ የተያዘው ለኔ ምቾት ሳይሆን ለዚያች ሴት ሰላም እንደሆነ፣ ታክሲውም ከኔ ጋር እንዳይታይ ብሎ እንደሆነ አንድ በአንድ ፈታችልኝ። አይደለም ብዬ ስከራከራት ሳቀችብኝ።

«አንቺ ዕድሜሽን ለሰው አልጋ ስታነጥፊ ኖርሽ፤ አሁን ደግሞ ሰው አልጋ ይዞልሽ ከደጁ መለሰሽ» አለችኝ።

እኔም ስቄ ሸኘኋት። በሩን ዘግቼ ስመለስ ግን ሳቁ አብሮኝ አልተመለሰም።

ጋሼ ገብረወልድም ወሬውን ከየት እንዳገኘው አላውቅም፤ መጣ። ካፖርቱን አላወለቀም፤ ተቀመጥ ብለውም አልቀመጥም አለ። ስለ አባታችን ስም፣ ስለ ንስሐ አባቴ፣ ስለ ዕድሩ፣ ስሞት ማን እንደሚቀብረኝ ብዙ ተናገረ። ያ ሰው ከደጁ እንደማያሳልፈኝ፣ ሆቴል መያዙ ራሱ ምስክር እንደሚሆንበት እንደ ፍርድ ቤት አስረዳኝ።  ድምፁን ዝቅ ያደረገው መጨረሻ ላይ ነው።

«ምፅዋ ከወረድሽ፣ ወንድም ነበረኝ በይ።»

«ጋሼ፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈው የኔ ስም ነው» አልኩት።

ሲወጣ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የነበረኝን ሳምንት አትጠይቁኝ። ጠዋት እሄዳለሁ እላለሁ፤ ማታ ትኬቱን ልመልስለት እላለሁ። ብቀር የውብዳር ትክክል ሆነች፤ ብሄድ ወንድሜን አጣሁ፤ ሄጄ ሴትዮዋን ባገኛትስ ሁለቱንም አጣሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ቆረጥኩ። እሄዳለሁ፤ ግን ሆቴሉንም አላየው፣ ታክሲውንም አልሳፈር። በራሴ መንገድ ቤቱ ድረስ ሄጄ በሩን ማን እንደሚከፍትልኝ አያለሁ። ይህን ያስወሰነኝ ፍቅር ይሁን እልህ፣ እውነቴን ነው፣ ለራሴም አልለይ ብሎኝ ነበር።

የገና ጾም ገብቶ ነበር። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አድሬ በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ሄድኩ። ለዙሀራ ብዬ ጭኮ ይዤያለሁ፤ ገብሱን ራሴ ቆልቼ አስፈጭቼ፣ ቅቤውን ራሴ አንጥሬ። ጾም ስለሆነ እጄ ቅቤ ነክቶ አፌ አልነካውም። ልጣላ ለምሄድበት ቤት ስንቅ መያዜ የአክስቴን ልጅ አስቆት ነበር። ልጣላም ብሄድ ሰው ቤት ባዶ እጄን አልገባም።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ የማወራው የለኝም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት። አንዴ ብቻ ገለጥ ሳደርግ ደመናው ከበታቼ ነበር፤ መልሼ ጨፈንኩ። የፈራሁት ግን መውደቁን አልነበረም። የፈራሁት መድረሱን ነው።

አስመራ ወርደን ወደ ሕንፃው ስንገባ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ታክሲዎቹ ተሰልፈው አየሁ። ሾፌሮቹ በሩ ላይ ተደርድረው የሚወጣውን ሰው ይጠራሉ። ከነዚያ አንዱ ስሜን ተነግሮት እኔን እየጠበቀ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው፣ የሺሃረግ አንቺ ነሽ ወይ ብሎ፣ እንደ ተላከ ዕቃ ተረክቦ ሊጭነኝ ነው። ደሜ ፈላ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናነብኩና ሻንጣ ተሸካሚውን ወደ ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ አለ ወይ አልኩት። የአየር መንገዱ አውቶቡስ በዚያኛው በር እንደሚቆም ነገረኝ፤ ጭኮዬን አስይዤ በዚያ በር ወጣሁ።

አውቶቡሱ ሲዞር ታክሲዎቹን በጎን አየኋቸው። ከሾፌሮቹ መሀል አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን በእግር ጣቱ ቆሞ ወደ ውስጥ ያያል። የሚጠብቀው ሰው የዘገየበት ይመስላል። ማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ እኔ የማውቀው ሙህዲን ባርኔጣ አያደርግም። ብቻ አሳዘነኝ፤ ለማያውቁት ሰው እንዲህ መሆን አለ።

ታክሲውን አስቀርቼ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። ያሸነፈ ሰው ግን እንዲህ አይከፋውም።

ከከተማው ባቡር ጣቢያ ሊቶሪና ተሳፈርኩ። ሊቶሪና አንድ አውቶቡስ የምታክል፣ ሐዲድ ላይ የምትሄድ ነገር ናት። ተራራውን እየዞረች፣ ዋሻ ገብታ እየወጣች ቁልቁል ትወርዳለች። ዋሻ በገባን ቁጥር የውብዳር ትታየኛለች፤ ወደ ብርሃን በወጣን ቁጥር ሙህዲን። ስንነሳ ጋቢ የለበሱት ሰዎች ቆላው ሲቃረብ አንድ በአንድ አወለቁ። እኔም ሹራቤን አወለቅኩ፤ ነጠላዬን ግን ምንም ቢሞቀኝ ከራሴ አላወረድኩም።

ባሕሩን መጀመሪያ ሳየው ማሳ መሰለኝ። የሳጉሬ ተልባ ሲያብብ እንዲህ ሰማያዊ ነው። ይህን ሁሉ ተልባ ማን ዘራው ብዬ እያሰብኩ ሳለ ማሳው ተንቀሳቀሰ። ያኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እንዲህ ያለ ነገር እያለ ሰው እንዴት በሆቴልና በታክሲ ይጣላል አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ አብሮኝ ሆኖ ሊያሳየኝ ሲገባ ብቻዬን አየሁት ብዬ ተቆጣሁ።

ከጣቢያው ስወርድ ባለጋሪው ሳልነግረው ሻንጣዬን ወደ ሆቴሉ አዞረ። ብቻዋን የምትመጣ እንግዳ ሁሉ እዚያ ነው የምትገባው። ሆቴሉ ከሩቅ ይታያል፤ ነጭ ነው፣ በረንዳው ወደ ባሕሩ ነው፣ እውነት ለመናገር ያምራል። ጥቂት ቆሜ አየሁት። ድካሜ፣ ሙቀቱ፣ የታጠፈ ንጹሕ አንሶላ ሁሉ ጠሩኝ። ከዚያ ለባለጋሪው፣ የጨው ነጋዴው የሙህዲን እህት፣ የዙሀራ ቤት ውሰደኝ አልኩት። ድልድዩን ተሻግረን ደጃፉ ላይ አወረደኝ።

በሩን የከፈተችው ግንባሯ ድረስ ሻሽ ያሰረች፣ ከኔ በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። ፊቴን ከማየቷ በፊት የጭኮውን ቅርጫት አየች።

«ጭኮ ይሸተኛል። የአሰላ ሰው ነሽ» አለች።

ሰላምታውን ዘለልኩት። ከአሰላ ጀምሬ ሳጠናው የመጣሁትን ነገር እዚያው ደጃፍ ላይ አወጣሁት።

«እትዬ ዙሀራ፣ የሙህዲንን ሚስት ይጥሩልኝና ልያት።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። አልተቆጣችም፤ የከንፈሯ ዳር ብቻ ትንሽ ተነቃነቀ።

«እኔም እሷን ነው የምጠብቀው። ሆቴል ትገባለች ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ይህን ስትለኝ የያዝኩት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ደግፋ አስገባችኝ፤ ውሃ ሰጠችኝ፤ ጫማዬን ራሷ አወለቀችልኝ። ከዚያ ያለፈውን ሁሉ ነገረችኝ። ሆቴሉን ያዝኩ ሲላት እሷም ተጣልታዋለች፤ እኔ በሕይወት እያለሁ የወንድሜ እንግዳ በኪራይ አልጋ አታድርም ብላ። እሱ ደግሞ ያሰበው ሌላ ነው። የኛን እርድ አትበላም፣ አገር አቋርጣ መጥታ ሦስት ቀን ሙሉ ሽሮ ላቀርብላት ነው ወይ፣ የሆቴሉ ወጥ ቤት ክርስቲያን ነው፣ እዚያ ሥጋውንም እንደ ልቧ ትበላለች ብሏት ነው። ሥጋ ለኔ። በጾም።

«እትዬ፣ አሁን እኮ ጾም ነው» አልኳት።

  አሰላ ሳለ ጾም መቼ እንደሚገባ ከኔ ቀድሞ የሚያውቀው ሙህዲን ነበር። ሱቁ ነው የሚነግረው። የኑግ ዘይቱንና ምስሩን ቀድሞ ያስመጣል፤ የሺ፣ ጾሙ ሰኞ ነው የሚገባው አይደል ይለኛል። እዚህ ጨው የሚያስጭን ሰው የጾም ደንበኛ የለውም። ጾሜን ረሳ ማለት እኔን ረሳ ማለት ነው? ወይስ አገሩን ማጣቱ ነው? ልቆጣው ልዘንለት ግራ ገባኝ።

ቆይቼ የት እንዳለ ጠየቅኳት። ከጠዋት ጀምሮ አስመራ ነው አለችኝ። ደብዳቤውን በጻፈ ጊዜ ጨው የሚጭነው መርከብ በዚያ ቀን ይደርስብኛል ብሎ ሰግቶ፣ እቀበልሻለሁ ብሎ ከሚቀር ታክሲ ይጠብቅሻል ብቻ አለኝ። መርከቡ ሲዘገይ ግን ታክሲውን ራሱ ተሳፍሮ ሊቀበለኝ ወጥቷል።

የውሃውን ኩባያ አስቀመጥኩ።

«ባርኔጣ ያደርጋል?» አልኳት።

«የዚህ አገር ፀሐይ ያላስደረገው ማን አለ» አለች።

በጣቱ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ የነበረው ያ ጀርባ መጣብኝ። ልሂድ፣ አሁኑኑ አስመራ ልመለስ አልኩ። ዙሀራ ያዘችኝ፤ መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ፣ ሲመሽ ይመጣል አለችኝ። ምስር የተሠራበትን ድስት አሳየችኝ፤ አዲስ ነው፣ ሥጋችን አልነካውም አለች። ከመጋረጃው ወዲያ ያለውንም ክፍል ከፈተችልኝ፤ አዲስ አልጋ፣ ጥልፍ አንሶላ። የማን ነው ብላት ያንቺ ነው አለችኝ። ሆቴል ግቢ ስትባል ሆቴል የምትገባ ሴት እንዳልሆንኩ ከሙህዲን ወሬ ገብቷት፣ ምናልባት ብላ ነው ያነጠፈችው።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ በሩን ማን እንደሚከፍት ልይ ብዬ መጣሁ፤ እሱ በር ላይ ቆሞ እኔን ሲፈልግ ቀረ። የሠራሁትን ሳስበው ምስሩ አልወርድ አለኝ።

ፀሐይ ስትጠልቅ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። የታክሲው በር ተዘጋ። የእግሩን አረማመድ ከግድግዳ ወዲያ ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ አወቅኩት። ከአልጋው ጫፍ ሳልነሳ ጆሮዬን ሰጠሁ። ዙሀራም መጥታለች አላለችውም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

«ሂን ዱፍኔ» አላት። አልመጣችም ማለቱ ነው።

በዚያ ቤት የሆድ የሆዱ በኦሮምኛ ነው የሚወራው፤ በዙሪያው የሚሰማ ሰው የለማ። አሰላ ተወልጄ ያደግኩት እኔ ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሆኜ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ። የጠዋቱን አውሮፕላን ጠብቆ ሰው ሁሉ ወጥቶ ማለቁን፣ ምናልባት አምልጧት ይሆናል ብሎ የከሰዓቱንም መጠበቁን፣ የተከናነበች ሴት ባየ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ፊቷን ሲያይ አንዷ ባለጌ ሽማግሌ ብላ መስደቧን ነገራት። ዙሀራ፣ ትኬቱ ጠፍቶባት እንደሆነስ አለችው።

«አልጠፋባትም። መልሷ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ሆቴል ይዤልሻለሁ አልኳት፣ ዙሀራ። ጽፌ ከላክሁት በኋላ ነው የታየኝ። እሷ አልጋ የምታከራይ ሰው ናት። ሆቴል ማን እንደሚያድር ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ወንድሟ በገበያው ፊት እኔን ካዋረደኝ፣ እኔ እሷን በወረቀት ያዋረድኳት ይብሳል። በሷ ቦታ ብሆን እኔም አልመጣም። አሁን ያንን አልጋ አንሺልኝ፤ ሳየው አልችልም።»

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። መጋረጃውን ገለጥኩ።

«አልጋው ተይዟል» አልኩት።

ባርኔጣው በእጁ ነበር። ዞሮ አየኝ። ጠቁሯል፤ ከስቷል፤ ጢሙ ላይ ድሮ ያልነበረ ሽበት አለ። እኔም ነጠላዬ ወርዶ፣ ፀጉሬ በላብ ተጣብቆ፣ እንደዚያ ሆኜ ነው የቆምኩት። ስንት ጊዜ በሐሳቤ ያሳመርኩት መገናኘት ይኸው ነው። እንተያያለን፤ የሚንቀሳቀስ የለም።

«በየት መጣሽ?» አለ በቀስታ።

«ባንተ ታክሲ አይደለም።»

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ይሳቅ ያልቅስ አልለይ አለኝ፤ እኔም የትኛውን እንደማደርግ ሳላውቅ ሁለቱንም አደረግኩ። ዙሀራ ልስገድ ብላ ወጣች።

ከፊቱ ተቀመጥኩና ወቀስኩት። ሆቴሉን፣ ታክሲውን፣ የውብዳርን ሳቅ፣ የጋሼ ገብረወልድን ቃል፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። እሱም አልተከላከለም፤ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ጾሙ ላይ ስደርስ ግን ቀና አለ።

«ጾም ነው?» አለ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ማየት አልቻልኩም። «ዘይት የሚጠይቀኝ ሰው ከጠፋ ወዲህ፣ የሺ፣ ቀኑም ጠፋብኝ።»

ያን ጊዜ ቁጣዬ አለቀ። ያልመለሰው ስድብ፣ የተወው ሱቅ፣ ይህ ሁሉ ጨው፣ በዚያች አንድ ቃል ውስጥ ታየኝ። እጄን ሰደድኩና የባርኔጣውን ጠርዝ ያዝኩ፤ እጁን ለመያዝ አልደፈርኩም።

ሦስቱ ቀን ሳያልፍ መልስ እንደማይጠይቀኝ ነገረኝ። ባሕሩን በደንብ ልይ፣ ልረፍ፣ ላስብ አለኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ቀን የምጠብቅበት ሆድ የለኝም።

«እሺ ነው» አልኩት። «ግን እዚህ አይደለም። እዚህ ብፈርም ተደብቄ ያገባሁ እሆናለሁ። አሰላ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ በቀን ብርሃን፣ ጋሼ ገብረወልድ በሚያልፍበት መንገድ አልፈን። አንተም ሱቅህን ትከፍታለህ። እምቢ ካልክ ነገ በሊቶሪናው እመለሳለሁ።»

«አሰላ» አለ። 

የዚያ የገበያ ቀን በፊቱ ላይ ሲያልፍ አየሁት። አበዛሁበት መሰለኝ፤ ልመልሰው አልኩ፤ ያን ያህል የተሰደበን ሰው ወደተሰደበበት ደጅ ና ማለት ፍቅር ነው ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። እምቢ ቢለኝ ወንድሜንም እሱንም አጥቼ ነው የምመለሰው። የባርኔጣው ጠርዝ በእጄ ውስጥ ረጠበ።

«እመጣለሁ» አለ መጨረሻ ላይ። «ወንድምሽ ደጅ ቢቆምም እመጣለሁ። ግን የሺ፣ አሰላ ስደርስ፣ እስክንፈራረም ድረስ፣ እኔን የት ነው የምታሳድሪኝ?»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ። አልጋ ሞልቶኝ የለም ወይ? ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ቆመ። ከማከራያቸው ክፍሎች አንዱን ብሰጠው፣ ከሳጉሬ እንደመጣ እህል ነጋዴ ሰው የሌለው እንግዳ አደረግኩት። ከምኖርበት ቤት ባስገባው፣ ሳንፈራረም ስሙንም ስሜንም ለገበያ ሰጠሁት። ዘመዱ ዘንድ እደር ብለው፣ ከግድግዳዬ ወዲያ ደበቅኩት። ዝናብ የመታውን፣ አውቶቡስ ያመለጠውን፣ የሰከረውን ሳይቀር አሳድሬ የማውቅ ሴትዮ፣ በገዛ አገሬ ለዚህ አንድ ሰው የሚሆን አልጋ አጣሁ። ሆቴሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሱም የት ላሳድራት ብሎ እንዲሁ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ ነው ያን አንድ መስመር የጻፈው።

ቀና ብዬ ሳየው አልሳቀብኝም። እኔ ቅድም የሱን መልስ እንደጠበቅኩት ነው የኔን የሚጠብቀው።

«አላውቅም» አልኩት።

በሕይወቴ ይህን ቃል ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ሲወጣ ደረቴን አቀለለው።

«እኔም አላወቅኩም ነበር» አለኝ።

ባርኔጣውን ከመካከላችን አነሳና እጁን እኔ ልደርስበት በምችልበት ቦታ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ያዝኩት። ሻካራ ሆኗል፤ ጨው በልቶታል። ከውጭ ባሕሩ ይመጣል፣ ይመለሳል። ጋሼ ገብረወልድ ምን እንደሚል አላውቅም። ዕድሩ ያውጣኝ አያውጣኝ አላውቅም። ሙህዲን አሰላ የት እንደሚያድርም አላውቅም። ፍርሃቴ እንዳለ ነው፤ አልቀነሰም። ብቻ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ግማሹ የሱ ሆነ።